አንዱ ቢሞት ሌላው ይሠራል

ደንበኛ መጥቶ «ላፕቶፔ ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስክ ግጠምልኝ፣ አንዱ ሲበላሽ በሌላው እንድሠራ» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የምትፈራው ሥራህ መቆሙን ነው ወይስ ፋይልህ መጥፋቱን?» አብዛኛው ሰው ግራ ይጋባል። «ያው አይደለም እንዴ?» ይለኛል። ያው አይደለም። ልዩነቱ የገባው ሰው ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያወጣ እኔ ሳልነግረው ያውቀዋል፤ ያልገባው ደግሞ ሁለት ዲስክ አስገጥሞ፣ አለኝ ብሎ ተኝቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱም ባዶ ሆነው ያገኛቸዋል።

የምሠራው መገናኛ፣ ከላይ እስከ ታች ሞባይልና ኮምፒውተር ከሚሸጥባቸው ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ሱቄ ጠባብ ናት። ጠረጴዛ፣ መብራት ያለው ማጉያ፣ የካቻቢቴ ዓይነት፣ ብሎን እንዳይቀላቀል የምለይባቸው የጠርሙስ ክዳኖች፤ ከዚህ የተረፈው ቦታ የደንበኛ ወንበር ነው። እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሰዎች ውስጥ ይህን የሁለት ዲስክ ነገር ከማንም በላይ ያስተማረችኝ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ናት። የአሥራ ምናምን ነጋዴ ሒሳብ ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ትይዛለች። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የእሷ ወገብ መቁረጫ ይጀምራል፤ ሐምሌ ገብቶ ላፕቶፕ ተበላሸ ማለት አንድ ሰው ሳይሆን ያ ሁሉ ነጋዴ ቆመ ማለት ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት ዲስክ ይገባል፤ ዊንዶውሱ ግን የሚያየው አንድ ብቻ ነው። አንድ ፋይል ሴቭ ሲደረግ በሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል። አንባቢ እየጠራላቸው ሁለት ቁም ጸሐፊዎች በሁለት ብራና ላይ ሲጽፉ አስቡት። አንዱ ጸሐፊ ታሞ ቢቀር ሁለተኛው ብዕሩን ሳያነሳ ይቀጥላል፤ አንባቢውም ሥራው መጓደሉን ላያውቅ ይችላል። ኋላ ሌላ ጸሐፊ ሲተካ ከተጻፈው ብራና ይገለብጥና ይደርስበታል። ግን አንባቢው አንድ መስመር ቢዘል ሁለቱም ብራና ላይ ይዘለላል። «ያንን ገጽ ፋቁት» ካለም ሁለቱም ይፍቃሉ። ጸሐፊዎቹ ታዛዥ እንጂ አስተዋይ አይደሉም፤ ትናንት ምን ተጽፎ እንደነበር የሚያስታውስ ሦስተኛ ሰው እዚያ ቤት የለም።

በሙያው ሚረር እንለዋለን፤ በላፕቶፑ ሜኑ ውስጥ ስሙ ሬይድ 1 ነው። ሬይድ የሚለውን ስም ያመጡት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሰዎች፣ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ሲሆኑ ጽሑፋቸው በ1988 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ በተደረገ የዳታቤዝ ጉባኤ ቀረበ። ሐሳቡ ግን ከእነሱ ይቀድማል። ታንደም የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው «ኖንስቶፕ» የተባለ ማሽን ዋነኛ ክፍሎቹን በድርብ የያዘ ነበር፣ ዲስኩንም ጭምር። የመጀመሪያው ገዢ ሲቲባንክ ነበር። ባንክ «ዛሬ ዲስክ ስለተበላሸ ነገ ይምጡ» ማለት አይችልም፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው። የበርክሌይ ሰዎች መንታ ዲስክን አምስት ደረጃ ካወጡለት መንገድ አንደኛው አድርገው አስቀመጡትና ውድነቱን ነቀፉ፤ እያንዳንዱን ዲስክ ሁለት ጊዜ መግዛት ነውና። የጽሑፋቸው ጉልበት ያለው ከዚያ በኋላ ባሉት፣ ብዙ ዲስክ አሰልፎ አንዱን ብቻ ለመጠባበቂያ በሚያውለው ዘዴ ላይ ነው። ያ ዘዴ ግን ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል። ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ቦታ ከተገኘ መታደል ስለሆነ፣ እኛ እነሱ ውድ ነው ብለው ያለፉት ላይ ቀረን።

የባለሙያዋ ላፕቶፕ ወፈር ያለ የቢሮ ማሽን ነው፣ ዲቪዲ ማጫወቻ ይገጠም በነበረበት ዘመን የተሠራ። ዛሬ ዲቪዲ ማን ይከታል? ማጫወቻው በብዙዎቹ ማሽኖች በአንድ ብሎን ብቻ ነው የሚያዘው፤ ብሎኑን ፈትቶ ወደ ጎን ሳብ ሲያደርጉት እንደ መሳቢያ ይወጣል። በቦታው የሚገባው ካዲ ነው፤ 2.5 ኢንች ዲስክ የሚተኛበት ባዶ የቆርቆሮ ሣጥን። ካዲ ሁለት ውፍረት አለው፣ 9.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር። ሳይለኩ የገዙት ወይ አይገባም ወይ ውስጥ ይንገዳገዳል፤ የሚንገዳገድ ዲስክ ደግሞ ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ከሶኬቱ እየተላቀቀ መንታውን ያፈርሳል። ስለዚህ ማጫወቻውን ይዞ ሄዶ ከካዲው ጎን አስተካክሎ ማየት ነው፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልም። የማጫወቻው የፊት ፕላስቲክ በቀስታ ተነቅሎ ካዲው ላይ ይገጠማል፤ ከውጭ ሲያዩት ላፕቶፑ ዲቪዲ ያለው ይመስላል።

በዚያ ዘመን ማሽኖች ዘንድ አንድ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ። የዋናው ዲስክ መስመር በሰከንድ 6 ጊጋቢት ሲሆን የዲቪዲው መስመር ብዙ ጊዜ 3 ብቻ ነው። መንታ ዲስክ ሲጽፍ ሁለቱም እስኪጨርሱ ስለሚጠብቅ ፍጥነቱ የዘገምተኛው ነው። ለፒችትሪ ምንም ማለት አይደለም። ለሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ግን ይከነክነዋል፤ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ሲመጣ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ሌላው፣ የሚሽከረከረውን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ካዲ ውስጥ አልከትም። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በናኖሜትር በሚቆጠር ክፍተት ነው የሚንሳፈፈው፤ ሥራ ላይ እያለ ጠንከር ያለ ግጭት ከደረሰበት ይነካና ይቧጭራል። ሁለት የሚሽከረከሩ ዲስኮች በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ካሉ፣ አብረው ነው የሚወድቁት። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

ለእሷ ሁለት ኤስኤስዲ መርጠን አስገባን። እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለኝ፦ ሁለቱ ከአንድ ካርቶን የወጡ መንትዮች እንዲሆኑ አልፈልግም። ሰው ይገርመዋል፤ «አንድ ዓይነት ቢሆን አይሻልም?» ይላል። ምክንያቱን ላስረዳ።

መንታ ዲስክን አስተማማኝ የሚያደርገው ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሞቱም የሚለው ግምት ነው። አንዱ ዛሬ ቢሞት ተተኪ ገዝተን እስክንገጥም ሁለተኛው ይቆየናል ነው ነገሩ። በሰርቨር ክፍል ውስጥ ለተደረደሩ ዲስኮች ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እዚያም ቢሆን ጉድ ተፈጥሮ ያውቃል። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ለደንበኞቹ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንዳንድ የኤስኤስዲ ሞዴሎቹ ውስጥ ባለ የፕሮግራም ስህተት ምክንያት ዲስኩ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠራ ይሞታል፤ ማለትም ከ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት በኋላ። ቁጥሩ ለፕሮግራመሮች የታወቀ ነው፤ በ16 ቢት የሚቆጥር ቆጣሪ ሞልቶ የሚገለበጥበት ቦታ ነው። ሞቶ ይቅር ቢባል እንኳ ዳታውም አብሮ የማይመለስ ነበር። ኩባንያው ራሱ ያሳሰበው ሌላው ነገር፣ በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞታሉ የሚለው ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን መንታ ያደረጉ ሰዎች መንታ ሬሳ ነው የሚታቀፉት። መፍትሔው ቀላል ነበር፣ ፕሮግራሙን ማደስ፤ ያልሰማ ግን ነበር። ከዚያ ወዲህ የእኔ ደንብ ሁለት የተለያየ ኩባንያ ዲስክ፣ ወይም አንዱ አዲስ አንዱ ጥቂት ወራት የሠራ የሚል ሆኗል።

ላፕቶፕ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ዲስኮች የሚጋሩት ነገር ከሰርቨሩ ይብሳል። አንድ ቻርጀር፣ አንድ ማዘርቦርድ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ ቦርሳ። ቡና ሲደፋበት በሁለቱም ላይ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የተረሳ ቦርሳ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የላፕቶፕ መንታ የሚከላከለው አንድ ጠባብ ነገርን ነው፦ አንዱ ዲስክ በራሱ ሕመም ሲሞት። ለዚያች ጠባብ ነገር ግን ወደር የለውም።

ዲስኮቹን ስትገዙ የመጠን ነገር አለ። በመደብር «500» የሚባለው አንዳንዱ 480 ነው፣ አንዳንዱ 500፣ አንዳንዱ 512 ጊጋባይት። መንታው የሚይዘው የትንሹን ያህል ነው። ይህ አያስከፋም፤ የሚያስከፋው ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ሞቶ ተተኪ ሲገዛ ነው። አዲሱ ዲስክ በትንሽ እንኳ ካነሰ ማሽኑ «አልቀበልም» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሠራው ከመጨረሻው ጥቂት ጊጋባይት ሳልከፍለው ባዶ እተዋለሁ። ደንበኛው ያችን ቦታ አይናፍቃትም።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። መንገዱ ሦስት ነው፤ ሁሉንም እኩል አልወዳቸውም።

አንዱ በባዮስ በኩል ነው። ኢንቴል ያላቸው ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ራፒድ ስቶሬጅ የሚባለው አላቸው፤ ባዮስ ገብቶ የዲስኩን አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ማዞር፣ ከዚያ ሁለቱን ዲስኮች መርጦ ማጣመር ነው። ዊንዶውስ ላለው ሰው ይሄ ይቀላል፤ ዊንዶውሱ ራሱ ከመንታው ላይ ይነሳልና። ሆኖም ከባዮሱ ሜኑ ስታጣምሩ በሁለቱም ላይ ያለው ይጠፋል። የተጫነ ዊንዶውስ ያለበትን ማሽን ሳያዘጋጁ ወደ ሬይድ ማዞር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ ዩቲዩብ አይቶ ቤቱ ሞክሮ ላፕቶፑን በፌስታል ይዞ የሚመጣው ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንም ዲስኩ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ የኢንቴሉን ድራይቨር በፍላሽ ይዞ በመጫኑ መሐል ማስነበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የዊንዶውሱ የራሱ መንገድ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ስቶሬጅ ስፔስስ የሚባል አለ፤ ሁለት ዲስክ ሰጥቶት «ሚረር» ማለት ይቻላል። ለዳታ ጥሩ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ ግን ከእሱ ላይ መነሳት ስለማይችል ሁለት ቦታ ብቻ ላለው ላፕቶፕ ብዙም አይረባም፤ ለዊንዶውሱ ሦስተኛ ዲስክ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አላበዛበትም።

ሦስተኛው ሊኑክስ ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው። ኤምዲአድም የሚባለው ፕሮግራም የላፕቶፑ ማዘርቦርድ የማን ሥሪት ይሁን አይጨነቅም። ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ዲስኮቹን አውጥቶ በሌላ ማንኛውም ሊኑክስ ላይ ማንበብ ይቻላል። አንዱ ዲስክ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ ከሆነም «ከዚህኛው በተቻለ መጠን አታንብብ፣ ጻፍበት ብቻ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት። በአዲሶቹ ማሽኖች ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው አንድ ትንሽ ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል ከመንታው ውጭ ነው የሚቀመጠው። ዳታው በሁለቱም ላይ በእኩል ይጻፋል፣ ያ ትንሽ ክፍል ግን አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ይቀራል። ያ ዲስክ ሲሞት ሁለተኛው ዳታውን ሁሉ ታቅፎ ተቀምጦ ላፕቶፑ አይነሳም። ባለቤቱም «መንታ አድርገህልኝ አልነበር?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ያንን ክፍል በሁለቱም ዲስክ ላይ መሥራት፣ ባዮሱም ሁለቱንም እንዲያውቃቸው ማድረግ የሥራው አካል ነው።

ሥራው አለቀ የምለው ግን ተሞክሮ ሲያልፍ ነው። ባለሙያዋ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ ካዲውን ከነዲስኩ መዘዝኩት። አበራሁት። ተነሳ። ፒችትሪውን ከፈተች፣ አንድ ሒሳብ አስገባች። አጠፋን፣ ካዲውን መለስኩና ማሽኑ ከዋናው ወደ ካዲው እየገለበጠ እንዲያስተካክል ተውኩት። 1 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢገለበጥ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ የእሷ ዲስክ ከዚያ ያነሰና የፈጠነ ስለነበር ቡና ጠጥተን ስንመለስ አብቅቷል። ከዚያ ዋናውን አውጥቼ እንደዚሁ። በዚህ ፈተና መሐል አንድ ነገር አይደረግም፤ አንዱን ብቻ ገጥሞ ሠርቶበት፣ ሳያስተካክሉ ወዲያው ሌላውን ብቻ ገጥሞ መሥራት። እንዲያ ከሆነ እያንዳንዱ የየራሱን ታሪክ ይዞ ይቀርና የትኛው ነው እውነተኛው የሚለውን ማሽኑም ሰውም መለየት ይቸግረዋል። ሁለቱም ዲስክ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፌ «ዋና» እና «ካዲ» ብዬ ከመለያ ቁጥራቸው ጋር ጻፍኩ። የሞተው የትኛው እንደሆነ ኮምፒውተሩ የሚነግረን በመለያ ቁጥሩ ነውና፤ ደህናውን ነቅሎ የሞተውን አስቀርቶ የሄደ ጠጋኝ አይጠፋም።

አንድ ሐምሌ ላይ ዋናው ሞተ። እሷ ያወቀችው ማሽኑ ሲበራ በወጣው ቀይ ጽሑፍ ነው፤ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። «አሁን ላምጣው?» አለችኝ። «ሥራሽን ጨርሺ፣ ማታ ግን የዛሬውን በኤክስተርናል ገልብጪ» አልኳት። ሠራች። ሥራ ሲቀዘቅዝላት መጥታ አዲስ ዲስክ ገጠምንላት። ለዚህ ነው ታንደምን ያነሳሁት፤ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በፊት ለባንክ የተሠራው ነገር አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ ያንኑ ሥራ ሠራ።

በዓመቱ ገደማ ሌላ ነገር ደረሰ። ረዳቷ የአንድ ነጋዴ አሮጌ ባክአፕ ሊያይ ብሎ ፒችትሪ ላይ ሪስቶር አደረገ፤ ግን በአዲስ ስም ሳይሆን በነበረው ላይ። ያለፈው ዓመት ሒሳብ የዘንድሮውን ዋጠው። ሁለቱ ዲስኮች ሥራቸውን በትክክል ሠሩ፤ ስህተቱን በሁለቱም ላይ እኩል ጻፉት። ስትደውልልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሁለት ዲስክ አለኝ አይደል?» አለች። አለሽ፣ ግን ሁለቱም የሚያውቁት አሁንን ነው። ያዳናት መሳቢያ ውስጥ የነበረ፣ ዓርብ ማታ የተገለበጠ ኤክስተርናል ነው። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ያለውን ከደረሰኝ ላይ እንደገና አስገባችው።

በፍላሽ እየዞረ ፎልደሩን ሁሉ የሚደብቀው ሾርትከት ቫይረስም እንዲሁ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው የባሰ ነው። በስህተት የተደለተ ፎልደር፣ «ኖ» ሊሉ ሲሉ «የስ» ያሉት ፎርማት፣ ሁሉም በመንታው ላይ በእኩል ይወርዳል። ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን መንታን ከባክአፕ ጋር ያምታታል? እኔ እንደሚመስለኝ ባክአፕ ሥራ ስለሆነ ነው። ኤክስተርናሉን ማውጣት፣ ኬብሉን መፈለግ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። መንታው ግን አንዴ ከፍለው የሚረሱት ነገር ነው፤ ሰው የሚረሳውን መፍትሔ ይወዳል።

የሚረሱት ነገር ግን ሌላ መዘዝ አለው። የኪቦርዱ ጥቂት ፊደሎች እምቢ ብለውት የመጣ አንድ ወጣት ነበር። ላፕቶፑ ሊኑክስ ነው፤ ሌላ ቦታ መንታ ዲስክ ተሠርቶለታል። ኪቦርዱን ቀይሬ ስጨርስ እንደ ልማዴ የዲስኮቹን ሁኔታ አየሁ። ሊኑክስ ላይ ነገሩ በአንዲት አጭር መስመር ይታያል፤ ሁለቱም ደህና ከሆኑ በቅንፍ ውስጥ የእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ አንዱ ከሞተ በአንደኛዋ ዩ ቦታ ባዶ ሰረዝ ይገባል። የእሱ አንዲት ዩ እና አንዲት ሰረዝ ነበረች። መዝገቡን ወደ ኋላ ስመለከት አንደኛው ዲስክ ከሞተ ወራት አልፈዋል። ልጁ በአንድ ዲስክ ሲሠራ ከርሟል፣ መንታ አለኝ እያለ። ማንም አልነገረው፤ ማሽኑ ተነሳ፣ ፋይሉ ተከፈተ፣ ምን ብሎ ይጠርጥር? መንታ ሲገጠም ማስጠንቀቂያው ወዴት እንደሚመጣ አብሮ ካልተሠራ ሥራው ግማሽ ነው። ሊኑክስ ላይ ኢሜይል እንዲልክ ወይም ስክሪን ላይ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል። የኢንቴሉም በዊንዶውስ ላይ የሚጫን መቆጣጠሪያ አለው። ከሁሉም የሚቀለው ግን በየወሩ መጀመሪያ ገባ ብሎ ማየት ነው። የእያንዳንዱን ዲስክ ጤና ለማየት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሰማያዊ ካሳየ ደህና፣ ቢጫ ካሳየ ተተኪ መፈለግ ይጀመራል። ዲስኮቹ በሬይድ ከተጣመሩ ለየብቻ ላያሳያቸው ስለሚችል ያን ጊዜ የኢንቴሉን መቆጣጠሪያ ማየት ነው።

ስለ መብራት ካላነሳሁ የአዲስ አበባ ጠጋኝ አይደለሁም። መንታ ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ከጠፋ አንደኛው ዲስክ የጻፈውን ሌላው ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል። ማሽኑ ሲነሳ ሁለቱን እንደገና ያስተካክላል፤ ነገር ግን ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል አያያዝ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ማረጋገጫ ቁጥር ስለሚጽፍ የተበላሸውን ለይቶ ከደህናው ይጠግናል፤ ተራው ሚረር ግን ይህ የለውም። ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ዩፒኤሱ ሆዱ ውስጥ ነው፣ ባትሪው። ግን ባትሪው የሞተበትን ላፕቶፕ እንደ ዴስክቶፕ ሶኬት ላይ ሰክቶ የሚሠራ ሰው ስንት ነው? እንዲህ ያለው ደንበኛ ሁለተኛ ዲስክ ሲጠይቀኝ በዚያ ብር መጀመሪያ ባትሪ እንዲገዛ ነው የምነግረው። ቅር ይለዋል፤ ባትሪ እንደ ዲስክ አያኮራም መሰለኝ።

ታዲያ ለማን ነው የምመክረው? ለመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪ አይደለም። የእሱ ፋይል ትንሽ ነው፤ ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፣ አንድ ፍላሽ ይጨምርበት። ፎቶና ፊልም ለሚያስቀምጥ ቤተሰብም አይደለም፤ ሁለተኛውን ዲስክ በኤክስተርናል ሣጥን ከቶ እኅቱ ቤት ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የምመክረው ሰዓት ለሚገድለው ሰው ነው። መስክ ወጥቶ ዲስክ በማይሸጥበት ወረዳ ለሳምንታት መረጃ የሚሰበስብ፣ ዝግጅት ቦታ ላይ ካሜራውን እያራገፈ ካርዱን ወዲያው መልሶ የሚጠቀም፣ ሐምሌ ላይ የሰው ሒሳብ በእጁ ያለ። እነዚህም ቢሆኑ ኤክስተርናል ካላቸው በኋላ። መንታውን በመጀመሪያው ገንዘብ የሚገዛ ሰው መጨረሻ መምጣት ያለበትን አስቀድሞ ነው የገዛው።

የባለሙያዋ ላፕቶፕ አርጅቷል፤ ማጠፊያው ላልቶ ስክሪኑ እየተንገዳገደ ነው። አዲስ ልትገዛ አስባለች። ችግሩ አዲሶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ዲቪዲም የላቸውም፣ 2.5 ኢንች ቦታውም ጠፍቷል። የዛሬው ዲስክ ኤም ዶት ቱ ነው፣ ማስቲካ የምታክል፣ ብዙውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር በ80። አብዛኛው ቀጭን ላፕቶፕ ለዚያች አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የአፕል ላፕቶፖች ላይማ ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ የሚነቀል ነገር የለም። ሁለት ቦታ የሚገኘው ወፈር ባሉት የጌም ላፕቶፖችና እንደ ቲንክፓድ ፒ፣ ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክ ባሉት የሥራ ማሽኖች ላይ ነው። እሱም ቢሆን ይጣራል፤ አንዱ ቦታ ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ ሌላው ሳታን ብቻ የሚቀበል ከሆነ የኢንቴሉ ዘዴ ሁለቱን አያጣምራቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያት ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ሻጩን «ስንት ኤም ዶት ቱ አለው?» ስትለው «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ራሙ 16 ነው» አላት። ደግማ ጠየቀችው። «በጣም ፈጣን ነው፣ ዱባይ ነው የመጣው» አለ። ጀርባውን ከፍቶ እንዲያሳየን ስንጠይቀው ማኅተሙ ይበላሻል አለ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ አንድ ልጅ ብሎን ፈትቶ አሳየን፤ ሁለት ቦታ ነበረው፣ ግን ሁለተኛው ላይ ዲስኩን የምትይዘዋ ብሎን አልነበረችም። ብሎኗ እኔ ጋ አለች። ዋጋው ላይ አልተስማሙም፤ ሰኞ ተመልሳ ትሄዳለች።